ሰው ያልወጣባት ማክሰኞ

በአትላንታ ዙሪያ፣ ክላርክስተን ወይም ዲካተር፣ ወደ አንዱ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብታችሁ ክትፎው እስኪደርስ ግድግዳውን ብታዩ ከላሊበላው ፎቶ አጠገብ በመስታወት የተከደነ አንድ ወረቀት አይጠፋም። ድርጅቱ በጆርጂያ ሕግ መመዝገቡን የሚመሰክር ነው። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው። ድርጅቱ ከ2019 ወዲህ የተመዘገበ ከሆነ ፊርማው የብራድ ራፈንስፐርገር ነው። ባለቤቷ ስሙን ቆም ብላ አንብባው ላታውቅ ትችላለች። እሷ የምታውቀው በየዓመቱ እስከ አፕሪል መጀመሪያ ድረስ ምዝገባዋን ማደስ እንዳለባት፣ ካላደሰችም ድርጅቷ ሊሰረዝባት እንደሚችል ነው። እህቷ ነርስ ከሆነች የእህቷም ላይሰንስ የሚወጣው ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ጎን ያለው ፀጉር ቤትም እንዲሁ።

ያው ፊርማ ኖቬምበር 20 ቀን 2020 ሌላ ወረቀት ላይ አረፈ፤ ጆ ባይደን ጆርጂያን ማሸነፋቸውን ባጸደቀው ሰነድ ላይ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። ብዙ ያልተወራለት ግን ፈራሚው እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጡ ነው።

ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ከአገር አገር የሚዞረው የዋሽንግተኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። የግዛቶቹ ሴክሬተሪ ግን የመዝገብ ሰው ነው፤ ኩባንያ ይመዘግባል፣ ማኅተም ይጠብቃል፣ በጆርጂያ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ይሰጣል። ከሃያ በሚበልጡ ግዛቶች ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሥራ አለበት፤ የምርጫው የበላይ ኃላፊ እሱ ነው። እሱም ራሱ በፓርቲ ስም ተወዳድሮ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ማስታወቂያ አስነግሮ የሚመረጥ ሰው ነው። የአንዱን ክለብ ማሊያ አጥልቆ ሜዳ የሚገባ ዳኛ ማለት ነው፤ ተመልካቹም ይህን እያወቀ ነው ፊሽካውን የሚሰጠው።

እኛ አገር የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ይሾማል እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። ብርቱካን ሚደቅሳ የተሾሙት ኖቬምበር 22 ቀን 2018 ነበር። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ዲሴምበር 4፣ ጆርጂያ የራሷን የምርጫ ኃላፊ ልትመርጥ ወጣች። ወጣች ማለት እንኳ ይከብዳል። በኖቬምበሩ ምርጫ ወደ 3.9 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በዲሴምበሩ ሁለተኛ ዙር 1.5 ሚሊዮን አልሞላም።

ሁለተኛ ዙር ያስፈለገው የጆርጂያ ሕግ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ስለሚያስገድድ ነው። በኖቬምበር ሪፐብሊካኑ ራፈንስፐርገር 49 ከመቶ ገደማ አገኙ፤ ዴሞክራቱ ጆን ባሮ ከእሳቸው ከግማሽ ነጥብ ባነሰ ልዩነት ተከተሉ። ወደ ሁለት ከመቶ የሚሆነውን የሊበርታሪያን ፓርቲው ስማይዝ ዱቫል ወስደው ሁለቱንም አስቀሩ። ራፈንስፐርገር በሙያቸው መሐንዲስ ናቸው፤ የጆንስ ክሪክ ከተማ ምክር ቤት አባል፣ ከዚያም የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ባሮ ለአሥር ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። በዲሴምበሩ ቀን ከእነሱ ሌላ በግዛት ደረጃ የቀረበው ውድድር የመብራት ታሪፍ በሚቆጣጠረው ኮሚሽን ውስጥ አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የሚሰለፍ ሰው ብዙ አይደለም።

ያ ዓመት ግን ለዚያ መሥሪያ ቤት የተለመደ ዓመት አልነበረም። ከ2010 ጀምሮ ወንበሩ ላይ የነበሩት ብራያን ኬምፕ ለገዥነት ሲወዳደሩ ቦታቸውን አለቀቁም፤ ራሳቸው ዕጩ የሆኑበትን ምርጫ ራሳቸው በበላይነት መሩት። የጆርጂያው ልጅ፣ በየአገሩ ምርጫ ሲታዘቡ የኖሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ ቦታውን እንዲለቁ በደብዳቤ ጠየቋቸው። ኬምፕ የለቀቁት ድምፅ ከተሰጠ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ተፎካካሪያቸውን ስቴሲ ኤብራምስን የቀደሙት ወደ 55,000 በሚጠጋ ድምፅ ነበር። ድምፁ ተሰርቋል ለማለት ማስረጃ አላየሁም። ነገር ግን ዕጩው ራሱ የቆጠራው አለቃ ሲሆን የተሸነፈው ወገን እንዴት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል?

የሐበሻው ጉዳይ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የዚያን ጊዜው ሕግ የተመዝጋቢው ስም ከመንጃ ፈቃዱ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡ ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም ይፈልግ ነበር። ሰረዝ ከጎደለ፣ ክፍት ቦታ ከበዛ፣ አንድ ፊደል ከተለወጠ ምዝገባው በእንጥልጥል ይቆያል። በ2018 መጸው 53,000 የሚሆኑ ምዝገባዎች እንዲህ ተንጠልጥለው እንደነበር አሶሺዬትድ ፕሬስ ዘገበ፤ ከእነሱም አብዛኛዎቹ የጥቁሮች ነበሩ። ኬምፕ መታወቂያ ይዞ የመጣ ሁሉ መምረጥ ይችላል ሲሉ ተከራከሩ፤ በሕጉ ይህ እውነት ነው። ግን እስቲ የእኛን ስም አስቡት። ኃይለማርያም በፓስፖርቱ አንድ ቃል፣ በመንጃ ፈቃዱ ሁለት ቃል ነው። የአባት ስም መካከል ላይ ይገባል፣ የአያት ስም ቤተሰብ ስም ይሆናል። ቪዛ ክፍል የጻፉት አንድ ዓይነት፣ ሥራ ቦታ የጻፉት ሌላ ዓይነት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፊደል በፊደል የሚል ሕግ ሕይወቱን ሙሉ የሚከተለው ጣጣ ነው።

የባሰው ደግሞ አዲስ ዜጎች ላይ የደረሰው ነበር። ሰውየው መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በግሪን ካርድ ዘመኑ ነው። ከዚያ መሐላውን ይፈጽማል፣ ባንዲራውን ይዞ ፎቶ ይነሣል፣ ለምርጫ ይመዘገባል። የመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ግን አሁንም ዜጋ አይደለም ይላል፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ ያምናል። ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 2፣ የፌዴራል ዳኛዋ ኤሌኖር ሮስ እንዲህ የተሰናከሉ ሰዎች የዜግነት ማስረጃቸውን ለምርጫ ጣቢያው ኃላፊ አሳይተው እንዲመርጡ አዘዙ። ጉዳዩ የሚነካው 3,000 ያህል ሰው ነበር። ፊደል በፊደል የሚለው አሠራር በሚቀጥለው ዓመት በሕግ ላላ።

እንግዲህ ዲሴምበር 4 ሊወሰን የነበረው ይህን ሁሉ ማን ይረከባል የሚለው ነው። ከስሙ ጣጣ ይልቅ የዕጩዎቹ ክርክር የዞረው በማሽኑ ላይ ነበር። ጆርጂያ ከ2002 ጀምሮ የምትመርጠው ወረቀት በማያትም ስክሪን ነበር። ጣታችሁን ታሳርፋላችሁ፣ ማሽኑ በሆዱ ይይዘዋል፣ ማታ ድምር ይነግራችኋል። ድምሩ ያልታመነ እንደሆነ ያንኑ ማሽን እንደገና ከመጠየቅ በቀር መንገድ የለም። ሁለቱም ዕጩዎች ማሽኑ ይቀየር ባዮች ነበሩ። ባሮ መራጩ በእጁ የሚሞላው ወረቀት ይሁን አሉ፤ ራፈንስፐርገር ወረቀት የሚያትም ስክሪን ይበቃል አሉ። ዶናልድ ትራምፕም በዚያው ሰሞን በትዊተር ለራፈንስፐርገር ድምፅ እንዲሰጥ ቀሰቀሱ፤ ግሩም ሴክሬተሪ እንደሚሆኑም መሰከሩላቸው።

ራፈንስፐርገር ወደ 52 ከመቶ አግኝተው አሸነፉ። አስገራሚው ነገር ያሸነፉት በዚያው ወረቀት በሌለው ማሽን መሆኑ ነው። ውጤቱን የተጠራጠረ ሰው ቢመጣ በእጁ አንስቶ የሚቆጥረው ነገር አልነበረም።

በ2019 ማሽኖቹ እንዲቀየሩ የሚያዝ ሕግ ጸደቀ፣ ከማሽን አቅራቢው ዶሚኒየን ጋር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውል ተፈረመ፣ የፌዴራል ዳኛዋ ኤሚ ቶተንበርግም አሮጌዎቹ ማሽኖች ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ እንዳይሠራባቸው አዘዙ። አዲሱ መሣሪያ ስክሪን ነው፤ መራጩ ሲጨርስ ግን አጠገቡ ያለው ማተሚያ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ላይ የመረጣቸው ስሞች በጽሑፍ ይነበባሉ፤ ኪውአር ኮድም አለበት። መራጩ ወረቀቱን ወስዶ ወደ ስካነሩ ያስገባዋል። አጀማመሩ የሚያስመካ አልነበረም። በጁን 2020 የፓርቲዎች የውስጥ ምርጫ በአትላንታ ዙሪያ ሰው ለሰዓታት ተሰልፏል፤ ማሽን የሚያስነሣ ጠፍቶ የተቸገሩ ጣቢያዎች ነበሩ። ሴክሬተሪው ጥፋቱን በካውንቲዎቹ ላይ አሳበቡ፣ ካውንቲዎቹ በሴክሬተሪው ላይ።

እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍሉን ማወቅ ይጠቅማል። ሴክሬተሪው አንድ ድምፅ እንኳ በእጁ አይቆጥርም። የሚቆጥሩት 159ኙ ካውንቲዎች ናቸው፤ ምርጫ ጣቢያ የሚከፍቱት፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩት፣ ውጤቱን መጀመሪያ የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። ሴክሬተሪው መሣሪያውን ይመርጣል፣ የመራጮች መዝገቡን ይይዛል፣ መመሪያ ያወጣል፣ ቅሬታ ይመረምራል፣ በመጨረሻም የካውንቲዎቹን ውጤት ሰብስቦ በ17 ቀን ውስጥ ያጸድቃል። የራሱ ስም ያለበት ምርጫም ሲሆን አሠራሩ ይኸው ነው።

ኖቬምበር 2020 ደረሰ። የመጀመሪያው ቆጠራ ባይደንን በ14,000 ገደማ ድምፅ አስቀደመ። ራፈንስፐርገር 5 ሚሊዮኑ ወረቀት በሙሉ በእጅ ይቆጠር ብለው አዘዙ። የአትላንታን አብላጫ ክፍል የሚይዘው የፉልተን ካውንቲ ጠረጴዛዎቹን የዘረጋው በመሀል ከተማው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያደክማል። በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው ወረቀቱን ያነሣል፣ የተመረጠውን ስም ጮክ ብሎ ያነባል፣ ለሁለተኛው ያቀብላል። ሁለተኛው በራሱ ዓይን አይቶ ካረጋገጠ በኋላ በየስሙ ክምር ላይ ያስቀምጠዋል። ትራምፕ፣ ባይደን፣ የሊበርታሪያን ዕጩዋ ጆርገንሰን፣ ባዶ፣ አጠራጣሪ። ከዚያ የሚቀጥለው ወረቀት። ታዛቢዎች በመካከል ይዘዋወራሉ። የሚነበበው ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ኪውአር ኮዱን ያየው የለም።

ቆጠራው ስሕተት አገኘ። በፍሎይድ ካውንቲ ወደ 2,600 የሚጠጉ ወረቀቶች ሳይቆጠሩ ቀርተው ነበር፤ አብዛኛው ድምፅ የትራምፕ ነበርና ልዩነቱ ጠበበ። አሸናፊው ግን አልተለወጠም። የትራምፕ ወገን ባቀረበው ጥያቄ መሠረት ለሦስተኛ ጊዜ በስካነር ተቆጠረ። የመጨረሻው ልዩነት 11,779 ሆነ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 2021፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትራምፕ ለራፈንስፐርገር ስልክ ደወሉ። ጥሪው ለአንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ቅጂውም በማግሥቱ ወጣ። ፕሬዚዳንቱ የሚፈልጉት 11,780 ድምፅ ማግኘት መሆኑን ተናገሩ፤ ከልዩነቱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር። ቅጂውን የሰማ ሰው ልብ የሚለው የራፈንስፐርገርን ድርቅ ያለ አነጋገር ነው። ጠብ የለም፣ ንግግር የለም። ያላችሁ መረጃ ስሕተት ነው ይላሉ። ወደ 5,000 የሞቱ ሰዎች መርጠዋል ሲባሉ ሁለት ናቸው ብለው ይመልሳሉ። በኋላ ተጣርቶ ቁጥሩ አራት ሆኗል። ከሁለት ዓመት በፊት ግሩም ይሆናሉ ብለው የመሰከሩላቸው ሰው ናቸው በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያሉት።

ይህን ታሪክ የአንድ ሰው ጀግንነት አድርጎ መተረክ ተለምዷል፤ ራፈንስፐርገር ራሳቸውም መጽሐፍ ጽፈዋል። እኔ ግን ክብሩን ለወረቀቱ ባደርገው እመርጣለሁ። ራፈንስፐርገር ያን ያህል ተዝናንተው ስሕተት ነው ማለት የቻሉት ሦስት ጊዜ የተቆጠረ፣ ሁለቱ ወገኖች ቆመው ያዩት፣ በሣጥን የታሸገ ወረቀት ከኋላቸው ስለነበረ ነው። በ2018ቱ ማሽን ቢሆን ኖሮ ያው መሐንዲስ፣ ያው ልበ ሙሉነት፣ ምን ይዘው ይከራከሩ ነበር? ሶፍትዌሩ እንዲህ አለ ብለው ብቻ። ያን የሚያምን በበቂ ቁጥር የሚገኝ አይመስለኝም።

ዋጋውን የከፈሉትም በአብዛኛው ስማቸው የማይታወቅ የካውንቲ ሠራተኞች ናቸው። የሴክሬተሪው ቢሮ ባልደረባ ጋብሪኤል ስተርሊንግ ዲሴምበር 1 ቀን 2020 መድረክ ላይ ወጥተው በቁጣ እየተንቀጠቀጡ ይህ ማስፈራራት ካልቆመ ሰው ይሞታል ብለው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የፉልተን ካውንቲ ሠራተኞቹ ሩቢ ፍሪማንና ልጃቸው ሼይ ሞስ የተቀረጹበት የጥበቃ ካሜራ ቪዲዮ በመላው አገር ተሠራጨ። የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ እናትና ልጅ ፍላሽ ዲስክ እንደ ዕፅ ሲቀባበሉ ታይተዋል አሉ። በጁን 2022 ሞስ ለአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ሲመሰክሩ እናትሽ የሰጠችሽ ምን ነበር ተብለው ተጠየቁ። የዝንጅብል ከረሜላ አሉ። ፍሪማን በኤፍቢአይ ምክር ቤታቸውን ለሁለት ወር ያህል ለቀው ነበር። በ2023 የጁሪ አባላት ጁሊያኒ ለሁለቱ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈረዱ።

ስለዚህ የ2022ቱ ምርጫ ሲመጣ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ማን እንደሆነ የማያውቅ አልቀረም። ትራምፕ በሪፐብሊካኑ የውስጥ ምርጫ በራፈንስፐርገር ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት አባሉን ጆዲ ሃይስን አሰለፉ። ብዙ ታዛቢ ራፈንስፐርገር አለቀላቸው ብሎ ነበር። ሜይ 24 ግን በመጀመሪያው ዙር ከ52 ከመቶ በላይ አግኝተው ሃይስን በ33 ከመቶ ገደማ አስቀሯቸው። ጆርጂያ ውስጥ መራጭ የፓርቲ አባልነት አይመዘገብም፤ በዕለቱ የፈለገውን ፓርቲ ወረቀት መጠየቅ ይችላል። አሶሺዬትድ ፕሬስ መዝገቡን ሲመረምር ከሁለት ዓመት በፊት በዴሞክራቶች ምርጫ የተሳተፉ ከ37,000 በላይ ሰዎች በዚህ ጊዜ በሪፐብሊካኑ መርጠዋል። ራፈንስፐርገር ከ50 ከመቶ መስመር ያለፉት ደግሞ በ27,000 ገደማ ድምፅ ነው። እነዚያ ዴሞክራቶች ሁሉ ለማን እንደመረጡ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ድምፅ ምስጢር ነው። መገመት ግን አይከለከልም።

በኖቬምበር የገጠሟቸው የቬትናም ስደተኞች ልጅ የሆኑት ዴሞክራቷ ቢ ዊን ነበሩ። ዊን በዲሴምበር 2020 በግዛቱ ምክር ቤት ያደረጉት ነገር ከዘመቻ ማስታወቂያቸው ሁሉ ይበልጣል። የትራምፕ ወገን ምስክር ከግዛት ውጭ እየኖሩ መርጠዋል የሚል የስም ዝርዝር ይዞ ቀረበ። ዊን ዝርዝሩን ወስደው አንድ በአንድ አጣርተውት ነበር። ለምስክሩም ይህ ሰው እዚሁ ነው የሚኖረው፣ ይህችም እዚሁ ናት እያሉ ዘረዘሩለት። በስደተኛ ቤተሰብ ላደገ ሰው አድራሻ የማረጋገጥ ጣጣ አዲስ አይደለም። ይሁንና በ2022 ራፈንስፐርገር ወደ 53 ከመቶ አግኝተው አሸነፏቸው፤ ዊን 44 ከመቶ ላይ ቀሩ።

በዚያው ዓመት በሌሎች ግዛቶችም የ2020ውን ውጤት አንቀበልም ያሉ ዕጩዎች ይህንኑ ወንበር ፈልገው ነበር። በአሪዞና፣ በሚሺጋን፣ በሚኒሶታ ተሸነፉ። በኔቫዳ፣ የላስ ቬጋስ ሐበሻ ድምፁን በሚሰጥበት ግዛት፣ ሲስኮ አጊላር ጂም ማርቻንትን የቀደሙት በሁለት ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። እንደ ክርክሩ ጩኸት ቢሆን ልዩነቱ ይሰፋ ነበር፤ ወንበሩ አሁንም በድምፅ መስጫ ወረቀቱ መካከል የተደበቀ ወንበር ነው።

የጆርጂያ ምክር ቤት በበኩሉ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በማርች 2021 የጸደቀው ሕግ፣ ምርጫ ጣቢያ አጠገብ ለተሰለፈ ሰው ውኃ ማደልን በመከልከሉ የታወቀው፣ ሴክሬተሪውን ከግዛቱ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት አንስቶ ድምፅም ነፈጋቸው። ሕዝብ የመረጠው ሰው ከጠረጴዛው ራቅ ተደርጎ ያልተመረጡት ተቀመጡ ማለት ነው። በ2024 የቦርዱ አብላጫ አባላት ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት በየጣቢያው ወረቀት በእጅ ይቆጠር የሚል ደንብ ሲያወጡ ራፈንስፐርገር ጊዜው አይደለም ብለው ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤትም አገደው። ዳኛው ይመረጥ ወይስ ይሾም ለሚለው ክርክር ጆርጂያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ሞክራ አይታዋለች፤ ሹመቱም ከማሊያው አላዳነም።

በሴፕቴምበር 2025 ራፈንስፐርገር ለገዥነት እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ እንደ ኬምፕ ሁሉ የምርጫውን መሥሪያ ቤት እየመሩ። ስለዚህ በ2026 የሴክሬተሪነቱ ውድድር ነባር ባለወንበር የሌለበት ሆነ። ለቦታው እንወዳደራለን ካሉት አንዱ ያ በመድረክ ላይ የተቆጡት ስተርሊንግ ናቸው።

ተተኪው የሚረከበው የቤት ሥራ ያው የማሽን ጉዳይ ነው። በ2024 የወጣ ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ድምፅ በኪውአር ኮድ እንዳይቆጠር ደነገገ። ኮዱን የሚጠሉት ሁለት የማይዋደዱ ወገኖች ናቸው። ሰው የማያነበውን ነገር መራጭ እንዴት ያረጋግጣል የሚሉ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች በአንድ በኩል፣ ዶሚኒየንን ከ2020 ጀምሮ የሚጠረጥሩ የትራምፕ ደጋፊዎች በሌላ በኩል። ስካነሩ የሚያነበው ኮዱን ነው፤ መራጩ የሚያነበው ስሙን። ሁለቱ ካልገጠሙ የሚያውቀው በእጅ የቆጠረ ሰው ብቻ ነው። ጆን ባሮ በ2018 በእጅ የሚሞላ ወረቀት ይበልጣል ብለው ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ያንኑ ሐሳብ አንግበው የሚከራከሩት በብዛት የያኔው ተቃዋሚዎቻቸው ናቸው።